የጥንት ሥራን ማቆየት እንዴት የኮሌጅ ትምህርት እንደ ሆነ

ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ጽሑፍ አቅርቡ በተባልን ጊዜ፣ ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ሌላው ስለ ኮምፒዩተር፣ ሦስተኛውም ስለ ስኳር በሽታ እንደሚጽፉ ተናገሩ። እኔ ስለ አሮጌ መጽሐፍና ስለ ተሰነጠቀ ሥዕል እጽፋለሁ ባልሁ ጊዜ ግን ሳቁብኝ። መሳቃቸውን አልጠላሁትም፤ የዛሬ አራት ዓመት ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። እንዳልስቅ ያደረገኝን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ከዚያ ወደ ታሪኩ እገባለሁ።

በክረምት ወራት ወደ አያቴ አገር ሄጄ ሳለሁ፣ ከጣራው በገባ ዝናብ የአያቴ አባት ይጸልዩበት የነበረው የብራና ዳዊት ከነማኅደሩ ረጥቦ ተገኘ። አያቴ እጅግ ደነገጡ። አጎቴ ግን «ምንም አይደል፤ ፀሐይ ይመልሰዋል» አለና እኔን ጠራኝ። ሁለታችን ዳዊቱን ገልጠን በድንጋይ ላይ አሰጣነው። የነሐሴ ፀሐይ ስለ ሆነ ብቅ ብሎ ወዲያው በደመና ይጋረድ ነበር፤ ስለዚህ እኔ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ አንሥቼ ከምድጃው አጠገብ አኖርሁት። ሲመሽ ቅጠሎቹ በእሳት እንደ ተለበለበ ቆዳ ተኮማትረው ደርቀው ነበር። ፊደሉም ከአንዳንዱ ገጽ እየተቀረፈ በጣቴ ላይ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ቀረ። አያቴ አልተቆጡም። «በል ልጄ፣ ምን ይደረጋል፤ እግዚአብሔር ያወቀው ነው» አሉና ዳዊቱን በነጠላ ጠቀለሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ነገሩን ለኬሚስትሪ መምህራችን ነገርኋቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ ብራና እንደ ጫማ ቆዳ ለፍቶ የተሠራ አይደለም። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሮ፣ ጠጉሩና ሥጋው ተፍቆ፣ እንደ ተወጠረ የደረቀ ነው። ውሃ በነካው ጊዜ የተወጠረው ሁሉ ይላላና ወደ ራሱ ይሰበሰባል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ እንደ ሙጫ ይሆንና ሲደርቅ ይጠጥራል። የአገራችን ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለ ሆነ በብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ ጠልቆ አይገባም፤ ብራናው ሲኮማተር ቀለሙ አብሮት መኮማተር አይችልምና ይቀረፋል። መደረግ የነበረበት ዳዊቱን ከሙቀት አርቆ፣ በነፋሻ ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ማድረቅና፣ የሚያውቅ ሰው ቅጠሎቹን ጥቂት በጥቂት እየወጠረ እንዲያቃናቸው ማድረግ ነበር።

«ይህን የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለን?» ብዬ ጠየቅሁ። «አለ፤ ነገር ግን ዕድሜው ከአያትህ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም» አሉኝ። ይህ መልስ ስላስገረመኝ ማንበብ ጀመርሁ። ከዚህ በታች የማቀርበው ካነበብሁት የተጠራቀመ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በጥንት ዘመን የተበላሸ ሥዕል የሚጠገነው በሠዓሊ፣ የፈረሰ ቤት የሚጠገነው በግንበኛ ነበር። ነገሩ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሠዓሊው የተላጠውን ብቻ በመሙላት አይረካም፤ ያልተላጠውንም በዘመኑ ወግ አሳምሮ ይቀባዋል። በእኛም ቋንቋ «ታደሰ» የሚለው ቃል ደስ የሚል ቃል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ታደሰ ሲባል እልል እንላለን፤ ከአዲሱ ቀለም በታች ምን እንደ ተቀበረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ማደስና ማቆየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ዓለም የተማረው በብዙ ኪሣራ ነው።

ከኪሣራዎቹ ሁሉ እኔን የደነቀኝ የግሪኮች የፓርቴኖን ታሪክ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ይህን መቅደስ የሠሩት ግንበኞች የእብነ በረዱን ድንጋዮች በብረት ሲያያይዙ፣ ብረቱን በእርሳስ ይለብጡት ነበር፤ እርሳሱ ውሃ ስለማያስገባ ብረቱ ሳይዝግ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆየ። ከ1898 ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ የወደቁትን ዓምዶች መልሶ ያቆመው መሐንዲስ ኒኮላዎስ ባላኖስ ግን ተራ ብረት ያለ እርሳስ አስገባበት። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥም እብነ በረዱን ከውስጥ ሰነጠቀው። ከ1975 ጀምሮ የግሪክ መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ የባላኖስን ብረት አንድ በአንድ እያወጣ በማይዝግ ቲታንየም ሲተካው ኖሯል። እንግዲህ መቅደሱን በቅን ልቡና ለማዳን የተነሣ ሰው፣ ጥንታውያን የሚያውቁትን አንዲት የኬሚስትሪ ነገር ባለማወቁ፣ ለልጅ ልጆቹ ሥራ ትቶላቸው ሄደ። ባላኖስን ለመውቀስ አልቸኩልም፤ እኔም ምድጃ አጠገብ ያኖርሁት በቅን ልቡና ነው።

በሕንድ አገር በአጃንታ ዋሻዎች ያሉትን የቡድሃ ሥዕሎች ለማጠንከር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከኢጣልያ የተጠሩ ባለሙያዎች የቀቡት ሼላክ የሚባል ቬርኒሽ ውሎ አድሮ ቢጫ ሆኖ ሥዕሎቹን ጋረዳቸው። በለንደንም በብሪቲሽ ሙዚየም በ1937ና በ1938 የፓርቴኖንን ቅርጾች «ነጭ ይሁኑ» ተብሎ በመዳብ መፋቂያ ፈገፈጓቸውና ከጥንቱ ገጽ የተረፈውን አብረው አነሡት።

ከእነዚህ ስሕተቶች ጋር ጎን ለጎን የኬሚስቶች ታሪክ ይሄዳል። በ1888 የበርሊን ቤተ መዘክሮች ፍሪድሪኽ ራትገን የሚባል ኬሚስት ቀጠሩ፤ ከግብፅ የመጡት ድንጋዮችና ነሐሶች በውስጣቸው ባለው ጨው እየፈረሱ ስላስቸገሩ ነበር። የእሱ ላቦራቶሪ በቤተ መዘክር ውስጥ የተከፈተ የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ነው ይባላል። በለንደን ደግሞ ሥራውን ያስጀመረው ጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪቲሽ ሙዚየም ዕቃዎች ከቦምብ እንዲድኑ በምድር ውስጥ ባቡር ዋሻ ተደበቁ። ከቦምቡስ ዳኑ፤ ነገር ግን ሲወጡ ብረቱ ዝጎ፣ ነሐሱ አረንጓዴ አውጥቶ፣ ወረቀቱ ሻግቶ ተገኘ። ምን እንደ ደረሰባቸው እንዲመረምር አሌክሳንደር ስኮት የተባለ ኬሚስት ተጠራና በ1920 ላቦራቶሪ ተቋቋመ። ከአራት ዓመት በኋላ ሃሮልድ ፕሌንደርሊት የሚባል ወጣት ተጨመረበት፤ ይህ ሰው በኋላ የዓለም ሁሉ አስተማሪ ለመሆን በቃ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ከመጀመሪያው ተምረው ነበርና፣ የብሔራዊ ጋለሪያቸውን ሥዕሎች በዌልስ አገር በተራራ ውስጥ በሚገኝ ማኖድ በሚባል የድንጋይ ካባ ሲያስቀምጡ ሙቀቱንና እርጥበቱን በማሽን አስተካከሉት። በጣውላ ላይ የተሣሉት ሥዕሎች በዚያ ዋሻ ውስጥ ጤና አገኙ። ወደ ለንደን ሲመለሱ ግን አየሩ ይለዋወጥ ስለ ነበረ ቀለሙ መነሣት ጀመረ። ከዚህም የተነሣ አንድ ነገር ታወቀ፤ ይኸውም ሥዕልን ብዙ ጊዜ የሚገድለው መድረቁ ወይም መርጠቡ ሳይሆን መለዋወጡ መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ኬሚስት ብቻውን አይበቃም። ሥዕሉን የሠራው ሰው ምን ለማለት እንደ ፈለገ የማያውቅ ኬሚስት ከባላኖስ አይሻልም። ይህን አስቀድመው ከተረዱት አንዱ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፎርብስ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፎግ ቤተ መዘክር ዲሬክተር ሳለ ከዓለም ዙሪያ የቀለም ዓይነቶችን ሰበሰበ፤ ስብስቡ ዛሬ ከ2,500 ናሙናዎች ይበልጣል። ተማሪዎቹ ሥዕልን በዓይን ብቻ ከመመልከት አልፈው ቀለሙን ራሳቸው እንዲፈጩና እንዲቀቡ ያደርግ ነበር። በ1928 በዚያው ቤተ መዘክር የምርምርና የጥገና ክፍል ተከፈተ። ታሪክ፣ ኬሚስትሪና የእጅ ሥራ በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙት በዚህ ዓይነት ነው።

በሮማ ከተማ ደግሞ በ1939 ጁሊዮ ካርሎ አርጋንና ቼዛሬ ብራንዲ የተባሉ ሁለት የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ማዕከላዊ የእድሳት ተቋም አቋቋሙ፤ ብራንዲም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። ተቋሙ ከነትምህርት ቤቱ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ፈተና አመጣበት። በ1944 በቪቴርቦ ከተማ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ቤት በቦምብ ተመታ። በ1469 ሎሬንሶ ዳ ቪቴርቦ በእርጥብ ልስን ላይ የሣለው የግድግዳ ሥዕል በብዙ ሺህ ስብርባሪ ሆኖ ወደቀ። የብራንዲ ሰዎች ስብርባሪውን ለቅመው፣ ፎቶግራፉን በትልቁ አሳትመው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በቦታው ገጠሙት። ነገር ግን ለብዙው ቦታ ቁራጭ ጠፋ። ባዶውን ምን ያድርጉት? በቀድሞው ልማድ አንድ ጎበዝ ሠዓሊ ቀለሙን አስመስሎ ይሞላው ነበር። ብራንዲ ይህ ውሸት ነው አለ። ባዶውን ባዶ መተው ደግሞ ዓይንን ያውካል። ስለዚህ ባዶው በቀጫጭን የቆሙ መስመሮች፣ በውሃ ቀለም፣ እንዲሞላ ወሰነ። ራቅ ብሎ ለሚያይ ሥዕሉ ሙሉ ይመስላል፤ ቀርቦ ለሚያይ ግን የትኛው የጥንቱ፣ የትኛው የአሁኑ እንደ ሆነ መስመሩ ይናገራል። የውሃ ቀለም ስለ ሆነም የተሻለ ዘዴ ሲገኝ ጥንቱን ሳይነካ ታጥቦ ይለቃል። እኔ ከዚህ ዘዴ የበለጠ ጨዋነት ያለው የእጅ ሥራ አላየሁም።

በ1956 ዩኔስኮ በኒው ዴሊ ባደረገው ጉባኤ ለዚህ ሙያ ዓለም አቀፍ ማዕከል እንዲቋቋም ወሰነ። ማዕከሉ በ1959 በሮማ ሥራ ሲጀምር ቅድም ያነሣነው ፕሌንደርሊት የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ለሙያው የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። እስከዚህ ድረስ ግን ትምህርቱ የጥቂቶች ነበር። የብዙዎች ያደረገው አንድ ጎርፍ ነው።

ኅዳር 4 ቀን 1966 ሌሊት የአርኖ ወንዝ ሞልቶ የፍሎሬንስን ከተማ ወረራት። ሰዎች ሞቱ፤ በሳንታ ክሮቼ ሰፈር ውሃው ከስድስት ሜትር በላይ ደረሰ። ጎርፉ ንጹሕ ውሃ አልነበረም፤ ለክረምቱ ማሞቂያ በየቤቱ ምድር ቤት የተጠራቀመውን ናፍጣ ቀላቅሎ ስለ መጣ፣ የደረሰበትን ሁሉ በጥቁር ቅባት አጠቀረው። ጊቤርቲ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ከሠራው ዝነኛ የነሐስ በር ከአሥሩ ቅርጾች አምስቱን ነቅሎ ወሰደ። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍትና ጋዜጦች በጭቃ ውስጥ ሰጠሙ። ሠዓሊው ቺማቡዌ በ1280ዎቹ ገደማ የሠራው፣ ቁመቱ ከአራት ሜትር የሚበልጥ ስቅለት ውሃ ጠጥቶ እንጨቱ አበጠ፤ ከቀለሙም ስድሳ በመቶ የሚያህለው ረግፎ ሄደ።

በዚያን ጊዜ ከብዙ አገሮች ወጣቶች ያለ ደመወዝ ወደ ፍሎሬንስ ጎረፉ። ጭቃ ለብሰው ተሰልፈው መጻሕፍቱን ከምድር ቤት እጅ ለእጅ እየተቀባበሉ አወጡ፤ የከተማው ሕዝብ «የጭቃ መላእክት» አላቸው። አብዛኞቹ የእኔ ታላላቅ ወንድሞች በሚሆኑበት ዕድሜ ላይ የነበሩ ተማሪዎች ናቸው። በሳንታ ክሮቼ የቺማቡዌን የቀለም ቅንጣት ከጭቃው ውስጥ ለመልቀም የሞከሩም ነበሩ።

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። መጻሕፍቱ ወጡ፤ ማን ያድርቃቸው? እንዲህ ያለ ብዛት ገጥሞት የሚያውቅ ባለሙያ በዓለም ላይ አልነበረም። ገጾቹን በሰጋቱራ ሸፈኗቸው። ብዙዎቹንም ትምባሆ ወደሚደርቅባቸው ምድጃዎች ላኳቸው። መጻሕፍቱ ከሻጋታ ዳኑ፤ የብራና ሽፋኖቹ ግን በሙቀቱ ተኮማተሩ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። እኔ በአያቴ ቤት በአንድ ዳዊት ያደረግሁትን እነርሱ በትልቁ አድርገውት ነበር።

ከእንግሊዝ አገር የመጣው የመጻሕፍት ጠራዥ ፒተር ዎተርስና ጓደኞቹ ሥራውን ሥርዓት አስያዙት። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ የበሽተኛ ካርድ የመሰለ ካርድ ወጣለት፤ በካርዱ ላይ ጉዳቱ፣ የሚታጠብበት፣ የሚደርቅበትና የሚጠረዝበት መንገድ ይጻፋል። በጎርፉም ውስጥ የታየ አንድ ነገር ነበር። ጀርባቸው በሙጫ የተጣበቀ ጥራዞች ተበጣጠሱ፤ በለስላሳ ብራና ተሸፍነው ያለ ብዙ ሙጫ የተሰፉት ግን ጎርፉን በተሻለ ተቋቋሙት። ክሪስቶፈር ክላርክሰን የሚባለው ባለሙያ ይህን አስተውሎ ስለ እነዚህ ጥራዞች ጻፈ፤ በእነርሱ አርአያ አዳዲስ ጥራዞች መሥራት ተጀመረ። የእኛም አገር የብራና ጥራዝ በክር ተያይዞ ከእንጨት ገበታ ጋር ይሰፋል እንጂ ጀርባው በሙጫ አይጣበቅም። ሲላላ ተፈትቶ እንደገና ይሰፋል። አባቶቻችን ይህን ሲያደርጉ ለጥገና አስበው ይሁን ወይስ የቆየ ልማዳቸው ሆኖ እኔ አልፈርድም፤ ጥራዙ ግን ይመሰክራል።

የቺማቡዌ ስቅለት ለአሥር ዓመት ታክሞ በ1976 ለሕዝብ ታየ። ባዶው ቦታ በተለያየ ቀለም በተጠላለፉ ስስ መስመሮች ተሞልቷል፤ የጌታ ፊትና አካል የጎደለው እንደ ጎደለ ነው። ያልወደዱት ነበሩ፤ ከጉዳቱ ይልቅ ጥገናው ይታያል ያሉም አልጠፉም። ጆርጆ ቫሳሪ በ1546 በአምስት ጣውላዎች ላይ የሣለው የመጨረሻው ራት ደግሞ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በውሃ ውስጥ ቆይቶ ነበር። ቀለሙ እንዳይረግፍ በስስ የጃፓን ወረቀት ሸፍነው፣ ጣውላዎቹን ለያይተው አስቀመጡት፤ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ የሚያድነው ዘዴ አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ በመጋዘን ጠበቀ። ዘዴው ሲገኝ፣ ጣውላ የሚያክሙ ወጣቶችም ሲሠለጥኑ፣ ታክሞ ኅዳር 4 ቀን 2016፣ ጎርፉ ሃምሳ ዓመት በሞላው ቀን ወደ ሳንታ ክሮቼ ተመለሰ። ከታሪኮቹ ሁሉ ይህ የመጋዘኑ ታሪክ ይበልጥብኛል። የማያውቁትን ከመንካት ታቅቦ አርባ ዓመት መጠበቅ ቀላል ድፍረት አይደለም።

ከጎርፉ በኋላ የሙያው ትምህርት በብዙ አገር ተስፋፋ። በፍሎሬንስ በ1588 በሜዲቺዎች የተቋቋመው የከበረ ድንጋይ ሥራ ቤት በ1975 ከከተማው የጥገና ላቦራቶሪ ጋር ተዋህዶ ታላቅ የጥገና ተቋም ሆነ። በአሜሪካ በ1974 የዴላዌር ዩኒቨርሲቲና የዊንተርተር ቤተ መዘክር በአንድነት ትምህርት ከፈቱ። ፒተር ዎተርስም በ1971 በዋሺንግተን የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የጥገናውን ሥራ እንዲመራ ተጠራ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፍሎሬንስ በሰጠመችበት በዚያው በ1966 ሳንድሮ አንጀሊኒ የሚባል የቤርጋሞ አርክቴክት በላሊበላ ሥራ ጀመረ። ያሠራው በዚያን ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ የሆነው የሐውልቶች ዓለም አቀፍ ፈንድ ነው። አንጀሊኒ በላሊበላ ካገኛቸው ችግሮች አንዱ ዝናብ እንዳያስገባ ተብሎ በ1950ዎቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀባው ሬንጅና ቀይ ቀለም ነበር። ሬንጅ ውሃ ከውጭ እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ ከድንጋዩ ውስጥ ያለው እርጥበትም እንዳይወጣ ይከለክላል፤ እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ይበላዋል። እስከ 1972 በቆየው ሥራ ሬንጁ ተፍቆ ተነሣ። በጎንደርም በጣልያን ወረራ ዘመን በአብያተ መንግሥቱ ላይ የገባው ሲሚንቶና ኮንክሪት በኋላ ጊዜ ስሕተት መሆኑ ታውቆ ወደ ጥንቱ የኖራ ልስን መመለስ ግድ ሆነ። በ2008 በላሊበላ ከአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት በላይ የተዘረጉት ትልልቅ ጣራዎች ዝናቡን ከለከሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ግን አዲስ ክርክርና ሥጋት አመጡ። መድኃኒቱ ሌላ በሽታ እንዳያመጣ ማሰብ የዚህ ሙያ የዘወትር ራስ ምታት ነው።

በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት ወንጌሎች ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ የተጻፉ መሆናቸውን የካርቦን ምርመራ አሳይቷል። በዓለም ላይ ካሉት ሥዕል ያላቸው ጥንታውያን ወንጌሎች ውስጥ ይቆጠራሉ። በ2006 ሲጠገኑ ወንጌሎቹ ወደ ውጭ አልሄዱም፤ መነኮሳቱ አልሰጡም። ጠጋኙ መርፌውንና ክሩን ይዞ ወደ ገዳሙ መጣና እዚያው በመነኮሳቱ ፊት ሠራ። መነኮሳቱ መልካም አደረጉ እላለሁ። ነገር ግን መርፌውን የያዘው ሰው ከእንግሊዝ አገር መምጣቱን ሳስብ ትንሽ ይከፋኛል።

ዛሬ ይህን ትምህርት መማር የሚፈልግ ተማሪ ምን ይጠብቀዋል? በኢጣልያ ሕጉ ከተለወጠ ወዲህ ትምህርቱ አምስት ዓመት የሚፈጅ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ነው። ለመግባት የሥዕልና የእጅ ጥበብ ፈተና አለ፤ ከዚያም የሥነ ጥበብ ታሪክና የሳይንስ ጥያቄ ይከተላል። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ምንም ቢያነብ አይገባም። በአሜሪካ ባለሙያ የሚያደርገው ከፍተኛው ዲግሪ ስለ ሆነ፣ ተማሪው በመጀመሪያው ዲግሪ ጊዜ የሥነ ጥበብ ታሪክ፣ የሥዕል ልምምድ፣ ኬሚስትሪ፣ በተለይም ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ተምሮ፣ በላቦራቶሪ በባለሙያ ሥር ብዙ ሰዓት አገልግሎ መቅረብ አለበት። በአገራችን በአዲስ አበባና በአክሱም ዩኒቨርሲቲዎች የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍሎች አሉ፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ብራናን በእጁ የሚያቃና፣ የግድግዳ ሥዕልን ቀለም የሚመረምር ሰው ለመሆን ግን ከአስተዳደሩ በላይ ላቦራቶሪና ብዙ የእጅ ልምምድ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ ላሰማ፤ መምህሮቼም ይቅር ይበሉኝ። አሥራ አንደኛ ክፍል ስንገባ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ ተብለን ለሁለት ተከፈልን። ኬሚስትሪ የመረጠ ታሪክን ተሰናበተ፤ ታሪክ የመረጠ ኬሚስትሪን ተሰናበተ። ይህ ሙያ ግን አንድ እግሩ እዚህ፣ አንድ እግሩ እዚያ ነው። እኔ ኬሚስትሪን መረጥሁ፤ ታሪኩን ማታ ማታ ለራሴ አነባለሁ፤ ሥዕሉንም ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈራችን ካሉ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ እለማመዳለሁ። ቀለም እንድፈጭ እንጂ እንድቀባ ገና አልፈቀዱልኝም።

ሐሳቤን ለአባቴ በነገርሁት ጊዜ «ልጄ፣ ሐኪም ሰው ያድናል፤ መሐንዲስ ድልድይ ይሠራል፤ አንተ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ። አባቴ የመኪና ጋራዥ አለው። ስለ ባላኖስ ብረት ነገርሁት። ዝም ብሎ ከሰማኝ በኋላ «የማይሆን ቡሎን አስገባበታ!» አለ፤ የፓርቴኖንን ነገር ከብዙ ምሁር በተሻለ ተረዳው። ስለ ደመወዙ ሲጠይቀኝ ግን ጥሩ መልስ አልነበረኝም። የሚቀጥሩ ቦታዎች ጥቂት መሆናቸውን አልደበቅሁትም። «እስኪ ፈተናውን እለፍ፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብሎ ተነሣ። ገና አልተነጋገርንም።

ዳዊቱ አሁንም በአያቴ ቤት ነው። መምህሬ እንደ መከሩኝ የተኮማተሩትን ቅጠሎች ለማቃናት አልሞከርሁም። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከምድጃውና ከጣራው ክዳን ርቆ፣ በማይነቃነቅ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። የተቀረፈውን ጥቁር ቅንጣት በየገጹ ለይቼ በትንንሽ ፖስታ አድርጌ ቁጥር ጽፌበታለሁ፤ ይጠቅም እንደ ሆነ አላውቅም። አያቴ በሄድሁ ቁጥር ሣጥኑን በጣታቸው እያሳዩ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ልጄ፣ የዳዊቱ ሐኪም መቼ ነው የሚመጣው?»